«ትልቁ መራራ»፦ አማሮኔ ስሙን ከየት አመጣው?

ባለፈው የዘመድ ግብዣ ላይ ነው። ጣሊያን የሚኖር የአክስቴ ልጅ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዞ መጣ። ጠርሙሱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያየው ሁሉ «አ-ማ-ሮ-ኔ» እያለ ፊደል ቆጠረ። አንዷ ዘመዳችን «አሞሬ ከሚለው ነው፤ ፍቅር ማለት ነው» አለች። ጣሊያንኛ ትንሽ ትንሽ የሚሰሙ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን አዩት። «የለም ልጄ» አሏት። «አማሮ መራራ ነው። ይሄ ደግሞ ትልቁ መራራ ነው።» ከዚያ በኋላ ብርጭቆውን ቀድሞ የሚያነሳ ጠፋ።

ጋሼ ቃሉን በትክክል ነው የፈቱት። ከፍቅር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ወይኑ ግን መራራ አይደለም። ወፍራም ነው፣ ለስላሳ ነው፣ የደረቀ ፍሬ ጣዕም አለው። ታዲያ የሠሩት ሰዎች ለምን መራራ አሉት? መዝገበ ቃላት ብቻውን ይህን አይመልስም። ወይኑ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ስሙ የተወለደው ጓዳ ውስጥ ነውና።

መጀመሪያ ቃሉን እንክፈተው። ሁለት ነገር አለበት። «አማሮ» እና «ኦኔ»።

ጣሊያኖች አንድ ነገር ትልቅ ነው ለማለት ሲፈልጉ ቃሉ መጨረሻ ላይ «ኦኔ» ይቀጥሉበታል። ሊብሮ መጽሐፍ ነው፤ ሊብሮኔ ትልቅ መጽሐፍ ነው። ይህ ቅጥያ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ሳናውቀው በየቀኑ እንጠራዋለን። «ሚሌ» በጣሊያንኛ ሺህ ነው። «ሚሊዮኔ» ትልቁ ሺህ ማለት ነው። ሚሊዮን የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። «ካርታ» ወረቀት ነው፤ «ካርቶኔ» ወፍራሙ ወረቀት፣ የእኛ ካርቶን። «ሳላ» ክፍል ነው፤ «ሳሎኔ» ትልቁ ክፍል። ቤታችን ሳሎን ያለው ከዚህ የተነሳ ነው። አንዳንዶቹ ቃላት በቀጥታ ሳይሆን በፈረንሳይኛ በኩል ዞረው ነው ዓለምን ያዳረሱት። መነሻቸው ግን አንድ ነው። ስለዚህ አማሮኔ ከሚሊዮን፣ ከካርቶንና ከሳሎን ጋር በጅራቱ ወንድማማች ነው ማለት ይቻላል።

«አማሮ» የሚለው ክፍል ደግሞ ለጆሯችን በጣም ቅርብ ነው። መራራ፣ መረረ፣ አማሮ። በዕብራይስጥም «ማራ» መራራ ነው። ኑኃሚን ኀዘኗ በበዛ ጊዜ «ማራ በሉኝ» ያለችው ለዚህ ነው። አማርኛና ዕብራይስጥ ከአንድ የሴም ቋንቋ ግንድ ስለሆኑ የእነሱ መመሳሰል የሥጋ ዝምድና ነው። የጣሊያንኛው ግን ከላቲን የመጣ ነው፤ ላቲን ደግሞ ሌላ የቋንቋ ቤተሰብ ነው። ከእኛ መራራ ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው። በቡናው የሚታወቀው የደቡቡ አማሮም ከዚህ ወይን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

እዚህ ጋ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። በጣሊያንኛ «አማሮ» ሁልጊዜ ምላስን የሚያኮማትር ምሬት ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ «ጣፋጭ ያልሆነ» ማለት ነው። አንድ ጣሊያናዊ ቡናውን ያለ ስኳር ሲፈልግ «ካፌ አማሮ» ብሎ ነው የሚያዘው። ስኳር የሌለበት ለማለት ነው እንጂ ኮሶ የመሰለ ቡና አምጡልኝ ማለቱ አይደለም። እኛም እኮ ስኳር ሲያንስብን «ቡናው መረረኝ፣ ስኳር ጨምሩልኝ» እንላለን።

በእርግጥ ጣዕሙ ራሱ መራራ የሆነ አማሮም አለ። ከሥራ ሥሮችና ከቅጠላ ቅጠል የሚዘጋጅ፣ ከምግብ በኋላ በትንሽ ብርጭቆ የሚጠጣ የአልኮል መጠጥ በጅምላው «አማሮ» ይባላል። እኛ አገር ስሙ የገነነው ፈርኔት የዚያ ቤተሰብ ነው። ፈርኔት የቀመሰ ሰው አማሮኔ ሲባል ፊቱ ቢጨማደድ አይፈረድበትም። ሁለቱ ግን ጨርሶ የተለያዩ መጠጦች ናቸው። አማሮኔ ውስጥ ቅጠልም ሥርም የለም። ወይን ብቻ ነው።

ጆሮ የተባለው ወይን

አማሮኔ የሚሠራው በአንድ አካባቢ ብቻ ነው። ሰሜን ጣሊያን ውስጥ፣ ቬኔቶ በሚባለው ክልል፣ ከቬሮና ከተማ በስተሰሜን ያሉ ኮረብታዎችና ሸለቆዎች አሉ። ቫልፖሊቼላ ይባላሉ። በምዕራብ በኩል ጋርዳ የተባለው ትልቅ ሐይቅ አለ። «ቫል» ሸለቆ መሆኑ ግልጽ ነው። የቀረውን «የብዙ ጓዳዎች ሸለቆ» ብለው የሚፈቱት ብዙ ናቸው። «ፖሊ» በግሪክኛ ብዙ፣ «ቼላ» በላቲን ጓዳ ነው ይላሉ። ለወይን አገር የሚያምር ትርጉም ነው። ግን እኔን ብዙም አያሳምነኝም። ግማሹን ከግሪክ፣ ግማሹን ከላቲን ወስዶ የገበሬ ሸለቆ የሚሰይም ማን ነው? ስሙ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሰነድ ላይ ሲገኝ አጻጻፉ «ፖሌዜላ» ለሚለው ነው የሚቀርበው። ወንዝ ያመጣው ደለልና አሸዋ ያለበት ቦታ ማለት ነው የሚሉ ሰዎች ሐሳብ ለእኔ የተሻለ ይመስለኛል።

በዚህ ሸለቆ አማሮኔ ከመወለዱ በፊት ሌላ ወይን ነበር፤ ዛሬም አለ። ሬቾቶ ይባላል። ቀይ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ጣፋጭ ነው። የአማሮኔ እናት እሱ ነው። የእናትን ስም ሳይፈቱ የልጅን ስም መፍታት አይቻልም።

ሬቾቶ «ሬቻ» ከሚለው የቬሮና አካባቢ ቃል የመጣ ነው። ጆሮ ማለት ነው። የወይን ዘለላ በደንብ አይታችሁ እንደሆነ፣ ከላይ በኩል ግራና ቀኝ ወጣ ወጣ ያሉ ሁለት ትንንሽ ዘለላዎች አሉት። ልክ እንደ ጆሮ ናቸው። ፀሐይ ከሌላው የዘለላው ክፍል ይልቅ እነሱን ታገኛቸዋለች። ስለዚህ ቀድመው ይበስላሉ፣ የበለጠ ይጣፍጣሉ። የድሮ ገበሬዎች ምርጡን ወይን ለመሥራት እነዚህን ጆሮዎች ለይተው ይቆርጡ ነበር። ዛሬ ጆሮ ብቻ የሚቆርጥ የለም፤ ጥሩ ጥሩው ዘለላ ሙሉውን ይመረጣል። ስሙ ግን ቀረ።

ከዚያ የተቆረጠው ዘለላ ወዲያው አይጨመቅም። ይደርቃል። ይህ ነው የነገሩ ሁሉ ቁልፍ። ጣሊያኖቹ ይህን ሥራ «አፓሲሜንቶ» ይሉታል፤ ማጠውለግ ማለት ነው። ዘለላዎቹ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ይለቀማሉ። ፍሬዎቹ እርስ በርስ ያልተጣበቁ፣ መሐላቸው አየር የሚያልፍ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ይሻግታሉ። ከዚያ አየር በደንብ በሚገባበት ሰገነት ላይ ይደረደራሉ። በፊት የሚደረደሩት «አሬሌ» በሚባል የሸምበቆ አልጋ ላይ ነበር። በዚያ አካባቢ ሰዉ የሐር ትልም ያረባ ስለነበር ያው አልጋ ለትሉም ለወይኑም ያገለግል ነበር። አሁን በአብዛኛው በሣጥን ሆኗል።

እዚያ ላይ 3 ወር፣ አንዳንዴም 4 ወር ይቆያሉ። ውኃቸው ይተናል። ክብደታቸው ሲሶ ያህልና ከዚያም በላይ ይቀንሳል። ስኳሩ፣ ቀለሙና ጣዕሙ ግን ውስጥ ይቀራል፤ ይጠራቀማል። በደንቡ መሠረት ከ100 ኪሎ ትኩስ ፍሬ የሚወጣው ከ40 ሊትር አይበልጥም። ለተራ ቀይ ወይን ቢሆን ከዚያው ፍሬ 70 ሊትር ገደማ ይወጣ ነበር። የአማሮኔ ዋጋ ለምን እንደሚወደድ ጠይቃችሁ ከሆነ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለእኛ ከደረቀ ወይን መጠጥ ማውጣት ጨርሶ እንግዳ አይደለም። ለቤተ ክርስቲያን ከጧፍና ከዕጣን ጋር ዘቢብ የሚሰጠው ለዚሁ ነው። የቫልፖሊቼላ ሰዎችም ልማዱን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያንን የጎት ነገሥታት ሲገዙ፣ ካሲዮዶሮስ የተባለ የቤተ መንግሥት ሹም ለንጉሡ ማዕድ ከቬሮና አካባቢ ወይን እንዲላክ ደብዳቤ ጽፏል። ወይኑ «አቺናቲኮ» ይባል ነበር። ሹሙ ፍሬው እንዴት ተሰቅሎ እንደሚደርቅና እንዴት በክረምት ብርድ እንደሚዘጋጅ በዝርዝር ይናገራል። ውፍረቱን ሲገልጽ ሥጋ ያለው ፈሳሽ ወይም የሚበላ መጠጥ ልትለው ትችላለህ ይላል። ከ1,400 ዓመት በላይ የሆነው አነጋገር ነው። ሬቾቶ ለቀመሰ ሰው ግን ዛሬ የተጻፈ ይመስላል።

ያመለጠው

አሁን ወደ መራራው እንመለስ። ሬቾቶ ጣፋጭ ከሆነ፣ ከእሱ ጣፋጭ ያልሆነ ልጅ እንዴት ተወለደ?

ይህን ለመረዳት ጠጅን ማሰብ ይበቃል። ብርዝ ገና ያልፈላ ማር ነው፤ ጣፋጭ ነው፣ ልጅም ይጠጣዋል። ሲቆይ ግን እርሾ የማሩን ስኳር እየበላ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ጣፋጩ በቀነሰ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል። ጠጅ ቤት የሚያውቅ ሰው «ለስላሳ»፣ «መካከለኛ» ወይም «ደረቅ» ብሎ የሚያዘው ለዚህ ነው። ደረቅ የተባለው ስኳሩ ስላለቀ ነው።

በሬቾቶም የሆነው ይኸው ነው። የደረቀው ወይን የሚጨመቀው በታኅሣሥና በጥር፣ በብርዱ ወቅት ነው። ጭማቂው በስኳር የተሞላ ነው። እርሾ ሥራውን ይጀምራል፤ ግን ጓዳው ይቀዘቅዛል። እርሾ በብርድ ይደክማል። አልኮሉም እየበዛ ሲሄድ ራሱን እርሾውን ያዳክመዋል። ስለዚህ ስኳሩን ሳይጨርስ ይቆማል። የተረፈው ስኳር ሬቾቶን ጣፋጭ ያደርገዋል።

አንዳንድ ጊዜ ግን እርሾው አይቆምም። ጓዳው ሞቅ ካለ፣ ወይም በርሜሉ ተረስቶ ፀደይና በጋ ከገባ፣ እንደገና ይነሣና ስኳሩን እስከ መጨረሻው ይበላዋል። ያኔ ባለቤቱ ጣፋጭ ወይን እጠጣለሁ ብሎ ሲቀዳ ጣፋጩ የለም። የአካባቢው ሰዎች ይህን «ሬቾቶ ስካፓ» ይሉት ነበር። ያመለጠ ሬቾቶ ማለት ነው። ምሳ ስታበስሉ ወተት ገንፍሎ እንደሚያመልጣችሁ ማለት ነው። እንደ ብልሽት ነው የሚታየው። ሌላው መጠሪያው ደግሞ «ሬቾቶ አማሮ» ነበር። እንግዲህ መራራ የሚለው ቃል የገባው እዚህ ጋ ነው። ከጣፋጩ ሬቾቶ ለመለየት። የእኛ ጠጅ ቤት ሰው ቢሆን ኖሮ «ደረቁ ሬቾቶ» ብሎ ይገላገል ነበር።

ከ«አማሮ» ወደ «አማሮኔ» የተደረገው ዝላይ የራሱ ታሪክ አለው። በአካባቢው እንደሚነገረው ጊዜው እ.ኤ.አ. 1936 ነው። በኔግራር የገበሬዎች የወይን ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ አዴሊኖ ሉኬዜ የተባለ የጓዳ ኃላፊ ነበር። አንድ ቀን ተረስቶ የቆየ የሬቾቶ በርሜል አገኘ። ተበላሽቷል ብሎ ቀዳና ቀመሰው። ከዚያ በደስታ «ይሄማ አማሮ አይደለም፤ አማሮኔ ነው!» አለ ይባላል። ይሄ ተራ መራራ አይደለም፣ ትልቁ ነው፣ የመራራዎች አለቃ ነው ማለቱ ነው።

ታሪኩን እወደዋለሁ። ግን በጥንቃቄ ነው መያዝ ያለበት። ብዙ ሰው ሲያወራው ወይኑ ራሱ በዚያ በርሜል በአንድ ቀን የተፈጠረ ያስመስለዋል። እንደዚያ ሊሆን አይችልም። እርሾ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ሰዎች በዚያ ሸለቆ ወይን እያደረቁ ሲጠምቁ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ስንት በርሜል አምልጦ ይሆን! ደግሞም የቬሮናው ሊቅ ሺፒዮኔ ማፌይ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ቫልፖሊቼላ ደረቅ ወይን ሲጽፍ «አማሮ» የሚለውን ቃል ተጠቅሟል። ስለዚህ ሉኬዜ ያገኘው አዲስ ወይን አልነበረም። የለወጠው አመለካከቱን ነው። እስከዚያ ድረስ ስሙ «ጣፋጩ ያመለጠው» የሚል ነበር። አንድ «ኦኔ» ሲጨመርበት የሚያሳፍረው ነገር የሚያኮራ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው ሰዎች እንዲያመልጣቸው ሳይሆን ሆን ብለው መሥራት የጀመሩት።

በ1950ዎቹ የቬሮና ነጋዴዎች ወይኑን በዚህ ስም ጠርሙስ ላይ ጽፈው ለገበያ አወጡት። ሆኖም ልጁ ከእናቱ ስም ቶሎ አልተላቀቀም። በ1968 የጣሊያን መንግሥት ለአካባቢው ወይን ሕጋዊ ጥበቃ ሲሰጥ፣ ሙሉ ስሙ «ሬቾቶ ዴላ ቫልፖሊቼላ አማሮኔ» ነበር። የቫልፖሊቼላ መራራው ሬቾቶ እንደማለት ነው። አስቡት፣ ገዢው ሬቾቶ የሚለውን ሲያይ ጣፋጭ ነው ብሎ ይወስዳል፤ ሲከፍተው ሌላ ነገር ነው። በኋላ «አማሮኔ ዴላ ቫልፖሊቼላ» ተብሎ ለብቻው ቆመ። በ2010 ደግሞ በጣሊያን ሕግ ለወይን የሚሰጠውን ከፍተኛውን የጥበቃ ደረጃ አገኘ። ዛሬ ከዚያ አካባቢ ውጭ የተሠራ ወይን በዚህ ስም መጠራት አይችልም። አልኮሉ ከመቶ 14 ማነስ የለበትም፤ ብዙውን ጊዜ 15 እና 16 ይደርሳል። ለገበያ ከመውጣቱ በፊትም ቢያንስ 2 ዓመት ይቀመጣል። «ሪዜርቫ» የሚል ከተጻፈበት 4 ዓመት ነው።

አማሮኔ የፍሬ ዓይነት ስም አለመሆኑንም ልብ በሉ። «የአማሮኔ ወይን ዛፍ» የሚባል ነገር የለም። የሚሠራው ከሌሎች ቅልቅል ነው፤ የእነሱም ስም ደስ ይላል። ዋናዋ ኮርቪና ናት። ቁራ ከሚለው ቃል ጋር ያያይዙታል፣ በጣም ጥቁር ስለሆነች። ሮንዲኔላ ከወንጭፊት ወፍ ስም ጋር ይያያዛል። ሞሊናራ የወፍጮ ቤት ናት፤ ፍሬዋ ላይ ዱቄት የተነፋባት የሚመስል ነጭ ነገር ስላለ። ኮርቪኖኔ ደግሞ ያው «ኦኔ» የገባበት ነው፣ ትልቁ ኮርቪና። ለረጅም ጊዜ ፍሬው የተለቀ የኮርቪና ዓይነት ይመስላቸው ነበር። በኋላ የዘር ምርመራ ሲደረግ ራሱን የቻለ ሌላ ዘር ሆኖ ተገኘ። ስሙ ግን አልተቀየረም።

ከዚሁ ቤት «ሪፓሶ» የሚል ጠርሙስም ታገኛላችሁ። እንደገና ማሳለፍ ማለት ነው። አማሮኔ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ልጣጭና አተላ ላይ ተራውን የቫልፖሊቼላ ወይን ያሳልፉበታል። አተላው ውስጥ የቀረው ስኳርና ጣዕም ወደ ወይኑ ይገባል። የጠላ አተላ ላይ ውኃ ጨምረን ቅራሪ እንደምናወጣው ነው፤ ልዩነቱ እነሱ የሚጨምሩት ውኃ ሳይሆን ወይን መሆኑ ነው። ስለዚህ ቅራሪ ሲቀጥን፣ ሪፓሶ ይወፍራል። ዋጋውም ከአማሮኔ በእጅጉ ይቀንሳል።

እንግዲህ ጠርሙስ ስትመርጡ ስሙ ራሱ ይነግራችኋል። እንደ አክሱሚት ጣፋጭ ከወደዳችሁ ሬቾቶ የሚለውን ፈልጉ። እንደ ጉደር ደረቁ ከሆነ የሚመቻችሁ አማሮኔን ሞክሩ፤ ግን ከጉደር ብዙ የወፈረና የበረታ ስለሆነ በትንሽ በትንሹ ነው የሚጠጣው። መጨረሻ ላይ እንደ ለውዝ ልጣጭ ያለች ቀጭን ምሬት ምላስ ላይ ትቀራለች። ያቺ ብቻ ናት ከስሙ ጋር የምትስማማው።

በዚያ ግብዣ ላይም በመጨረሻ ጠርሙሱ ተከፈተ። ቀድመው የቀመሱት ጋሼ ነበሩ። ትንሽ ዝም አሉ። እንደገና ቀመሱ። ፍሬው ደርቆ እንደሚጨመቅ ማንም አልነገራቸውም ነበር። «ይሄ ነገር» አሉ፣ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው፣ «ዘቢብ ዘቢብ ይላል እኮ።»